ብሮውዘር ከመምረጣችን በፊት፦ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው?

ዘመድ ወዳጅ አዲስ ስልክ ሲገዛ «የትኛው ብሮውዘር ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ማወቅ የሚፈልገው ፍጥነቱን ነው። በፍጥነት ግን ዛሬ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራና ቪቫልዲ አምስቱም የተሠሩት ጉግል በሚመራው፣ ክሮሚየም በሚባል አንድ የኮድ መሠረት ላይ ነው። የሚለያዩት በባለቤታቸው ነው። የባንክ ሒሳባችን፣ ለማንም ያልነገርነው ሕመም፣ ሌሊት የምናስሰው የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ በብሮውዘር በኩል ያልፋል። ስለዚህ ጠያቂዬን መልሼ የምጠይቀው፣ ይህን ሁሉ እንዲያይ ማንን ታምናለህ ብዬ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ ከገንዘቡ እጀምራለሁ። ብሮውዘር በነፃ ይታደላል፤ የሚሠሩት መሐንዲሶች ግን በየወሩ ደመወዝ ይቀበላሉ። ደመወዙ የሚመጣው ከማስታወቂያ ነው፣ ከስልክ ሽያጭ፣ ከፍለጋ ሞተር ውል ወይስ ከመዋጮ? ኩባንያው የጠበበው ቀን ማንን አሳልፎ እንደሚሰጥ ቀድሞ የሚነግረን ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከተጫነ በኋላ ማንም ሴቲንግ ውስጥ ሳይገባ ምን ይከላከላል? አብዛኛው ሰው ሴቲንግ አይነካም፤ እንዲነካም ሊገደድ አይገባም። ሦስተኛ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው? ክፍት ከሆነ የኩባንያውን ቃል ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ሊፈትሹት ይችላሉ።

ብዙ ክብደት የምሰጠው ለአራተኛው ነው፤ ኩባንያው ሲያጠፋ ምን አደረገ? ከማነጻጽራቸው ታዋቂ ብሮውዘሮች መካከል ነቀፋ ያልደረሰበት አይገኝም። ጥፋቱን ያጋለጠው ማን ነው? ኩባንያው አመነ ወይስ ተሟገተ? ለማረምስ ስንት ጊዜ ፈጀበት?

አምስተኛው ላይ ድርድር የለም። የደኅንነት እርማት በየጊዜው የማይወጣለት ብሮውዘር የባለቤቱ ሐሳብ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን አይጫን።

ከማን ነው የምንሸሸገው?

ኢንተርኔት ስንጠቀም ቢያንስ አራት ተመልካች አለብን። እነሱም የከፈትነው ገጽ፣ በገጹ ላይ የተለጠፉት የማስታወቂያ ድርጅቶች፣ መስመሩን የሚያቀርብልን ቴሌኮም፣ ከዚያም ስልካችንን የሚነካ የቤት ወይም የቢሮ ሰው ናቸው። ኢንኮግኒቶ የሚባለው መስኮት በዋናነት የሚያግዘን ከመጨረሻው ነው፤ የከፈትነው ነገር ታሪክ ስልኩ ላይ እንዳይቀር ያደርጋል። ቴሌኮሙ ግን የገጹን ውስጥ ባያነብም የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘን ማየት ይችላል።

ጉግል በ2020 አሜሪካ ውስጥ የተከሰሰው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ሰዎች ኢንኮግኒቶ ውስጥ ሆነው ያደረጉትንም ይሰበስባል ተብሎ። ክሱ በ2024 በስምምነት ሲቋጭ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋትና ኢንኮግኒቶ ሲከፈት የሚታየውን ማሳሰቢያ ለማስተካከል ተስማምቷል።

ክሮምና ኤጅ

ክሮም የወጣው በ2008 ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሦስት የኢንተርኔት ተጠቃሚ ሁለቱ ገደማ የሚከፍቱት እሱን ነው። በደኅንነት በኩል አልነቅፈውም፤ ቀዳዳ ሲገኝበት ቶሎ ይደፈናል። ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት በ2024 ካገኘው ገቢ ሦስት አራተኛው ገደማ የመጣው ከማስታወቂያ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል የሦስተኛ ወገን ኩኪ ታሪክ ያሳያል። ጋዜጣ ስታነቡ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ያስቀመጠ ሌላ ድርጅት ስልካችሁ ላይ ምልክት ይተዋል። ቀጥሎ የጫማ መሸጫ ገጽ ስትከፍቱ ያው ድርጅት ምልክቱን አይቶ ያ የጋዜጣው አንባቢ እንደመጣ ያውቃል። ጉግል በጥር 2020 ይህን በሁለት ዓመት ውስጥ ከክሮም አስወግዳለሁ አለ። ወደ 2023 አራዘመው፣ ከዚያ ወደ 2024፣ ከዚያም ወደ 2025። በሐምሌ 2024 ሐሳቡን ቀየረ፤ በሚያዝያ 2025 ደግሞ ኩኪው ባለበት እንደሚቀጥል አሳወቀ። ሳፋሪ በመጋቢት 2020 ሙሉ በሙሉ የዘጋውን በር ክሮም ከአምስት ዓመት በኋላ ክፍት አድርጎ ተወው። ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ታዋቂ ማስታወቂያ ከልካይም ኤክስቴንሽኖች (ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚሠሩበት ደንብ በመቀየሩ ክሮም ላይ ሥራ አቁሞ የሳሳው ዝርያው ብቻ ቀርቷል። ጉግል የደንቡ ምክንያት ደኅንነት ነው ይላል። ማስታወቂያ ሻጭ ማስታወቂያ ከልካይን ሲያዳክም ግን ምክንያቱን እንዲሁ ተቀብዬ ማለፍ ይከብደኛል።

ማይክሮሶፍት ኤጅን በ2020 ወደ ክሮሚየም አዛወረው። በዚያው ዓመት የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ስድስት ብሮውዘሮች ወደ ባለቤቶቻቸው ምን እንደሚልኩ መርምሮ ነበር። ኤጅና የሩሲያው ያንዴክስ መጨረሻ ወጡ፤ ከማሽኑ ሃርድዌር ጋር የተያያዘ፣ ብሮውዘሩ ተነቅሎ እንደገና ቢጫንም የማይጠፋ መለያ ይልኩ ነበር። ቢሮው ሌላ እንዳይጫን ካልከለከለ በቀር ኤጅን የምመክርበት ምክንያት የለኝም። ከተገደዳችሁ «ትራኪንግ ፕሪቬንሽን» የሚለውን ወደ «ስትሪክት» ቀይሩት።

ሳፋሪ

አፕል የሚኖረው ስልክና ኮምፒውተር ሸጦ ስለሆነ ሰውን የመከታተል ፍላጎቱ ያነሰ ነው። ሳፋሪ ከ2017 ጀምሮ መከታተያዎችን እያጠበበ መጥቷል፤ ይህንንም የሚያደርገው ሴቲንግ ሳይነካ ነው። ነገር ግን ጉግል የሳፋሪ ቀዳሚ የፍለጋ ሞተር ሆኖ እንዲቀመጥ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መክፈሉ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተገልጿል። ግላዊነትን መፈክሩ ያደረገ ኩባንያ በዓለም ትልቁን የማስታወቂያ ድርጅት በበሩ አስገብቶ ኪራይ ይበላል ማለት ነው። ፍለጋውን ዳክዳክጎ ወደተባለው የፍለጋ ሞተር መቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀይሩት። ፕራይቬት ሪሌይ የተባለው፣ የኢንተርኔት አድራሻችንን የሚሸፍነው የሚከፈልበት አገልግሎት ደግሞ ሁሉም አገር የለም። አፕል በ2021 ሲያስተዋውቀው አገልግሎቱ ከማይሰጥባቸው አገሮች መካከል ሳዑዲ ዓረቢያን ጠቅሷል፤ እዚያ የምትኖሩ አትተማመኑበት።

ያገለገለ አይፎን ለሚገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን ውጭ አይፎን ላይ የሚሠራ ብሮውዘር ሁሉ፣ ክሮምም ፋየርፎክስም፣ ውስጡ ዌብኪት የተባለው ገጽ የሚከፍት የአፕል ሞተር ነው፤ ዌብኪት የሚታደሰውም ከስልኩ ሲስተም ጋር ነው። ስልኩ አፕዴት ማግኘት ካቆመ ሌላ ብሮውዘር መጫን ቀዳዳውን አይደፍነውም።

ፋየርፎክስ

ለፋየርፎክስ ፍቅር አለኝ፤ ለዚያም ነው ጠበቅ አድርጌ የምመዝነው። የሚሠራው ኩባንያ ባለቤት ሞዚላ ፋውንዴሽን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ከክሮሚየምና ከዌብኪት ውጭ የራሱ ሞተር ያለው፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ብሮውዘር የቀረው እሱ ብቻ ነው። እሱ ቢወድቅ ኢንተርኔት እንዴት ይሥራ የሚለውን የሚወስኑት ጉግልና አፕል ብቻ ይሆናሉ። ኮዱ ክፍት ነው። ከ2022 ጀምሮ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ኩኪውን በየራሱ ማሰሮ ውስጥ ብቻ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል፤ ጋዜጣው ያስቀመጠውን የጫማ ሻጩ ገጽ አያየውም። ዩብሎክ ኦሪጅንም ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን አንድሮይድ ስልክ ላይ ጭምር በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።

ገንዘቡስ? የሞዚላ የፋይናንስ ኃላፊ በግንቦት 2025 ጉግል በፍለጋ ገበያ ሞኖፖል በተከሰሰበት የፍርድ ሒደት ላይ ሲመሰክር ከፋየርፎክስ ገቢ 85 በመቶ ገደማው ከጉግል እንደሚመጣ ተናግሯል። ቀለብተኛ ከቀላቢው ጋር ምን ያህል ሊፋለም እንደሚችል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥፋትም አለበት። በሐምሌ 2024 የማስታወቂያን ውጤት የሚለካ አዲስ ነገር ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ አበራ፤ ኖይብ የተባለው የአውሮፓ የመብት ድርጅት አቤቱታ አቀረበበት። በየካቲት 2025 ያወጣው የአጠቃቀም ውል ደግሞ በብሮውዘሩ በምንጽፈው ላይ ፈቃድ የሚወስድ የሚመስል አንቀጽ ነበረው። «ዳታችሁን ፈጽሞ አንሸጥም» የሚለው የቆየ ቃሉም ከገጹ ተነሣ። ጩኸቱ ሲበረታ ሞዚላ በቀናት ውስጥ ውሉን አሻሻለ፤ ቃሉን ያነሣው አንዳንድ ሕጎች «ሽያጭ» የሚለውን ሰፋ አድርገው ስለሚተረጉሙ እንደሆነም አስረዳ። ማብራሪያው አሳማኝ ጎን አለው። ያን መሰል ቃል ግን በዝምታ አይነሣም ነበር፤ እስከዛሬ ያሳዝነኛል። እንዲያም ሆኖ ኮዱ ክፍት በመሆኑ የሆነውን ሁሉ ሰው አየው፣ ተጮኸ፣ ተሰማም።

ብሬቭ

ብሬቭን በ2015 የመሠረቱት ብሬንደን አይክና ብራያን ቦንዲ ናቸው። አይክ ጃቫስክሪፕትን የፈጠረ፣ ሞዚላንም ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ2014 የሞዚላ ሥራ አስኪያጅ ተደርጎ ተሾሞ፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለመከልከል በካሊፎርኒያ ለተካሄደ ዘመቻ በ2008 ባዋጣው 1,000 ዶላር ምክንያት በተነሣ ውዝግብ በቀናት ውስጥ ለቅቋል። በዚህ የተነሣ ብሬቭን የሚሸሽም የሚመርጥም ሰው አለ። እኔ እዚህ የምመዝነው በዳታችን ላይ የሚያደርገውን ነው።

በዚያ በኩል ሲጫን ይዞት የሚመጣው መከላከያ ለዕለት ተዕለት ከሚያገለግሉት ታዋቂ ብሮውዘሮች ሁሉ የጠነከረ ነው፤ በትሪኒቲ ኮሌጁ ምርመራም አንደኛ የወጣው እሱ ነበር። የሚያሳስበኝ ገቢው ነው። የራሱን ማስታወቂያ፣ የራሱን ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ)፣ የራሱን ቪፒኤን (ግንኙነትን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚሸፍን አገልግሎት) ይሸጣል፤ ገንዘብ ፍለጋውም ደጋግሞ መስመር አስቶታል። በሰኔ 2020 አንድ ሰው የክሪፕቶ መገበያያ አድራሻ ሲጽፍ ብሬቭ ኮሚሽን የሚያስገኝለትን ሊንክ በራሱ እየቀጠለ እንደሚጨምር ተጠቃሚዎች ደረሱበት። አይክ ስሕተት መሆኑን አምኖ አረመው። በ2023 ደግሞ ያልጠየቁ ሰዎች ዊንዶውስ ላይ የቪፒኤኑን አገልግሎት አብሮ ሲጭን ተገኘ፤ ይህም ታርሟል። ሁለቱንም ያገኙት ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሲያዝ ቶሎ የሚያርም ድርጅት ነው፤ መያዝ ግን ይፈልጋል።

ኦፔራ፣ ኦፔራ ሚኒና ከስልኩ ጋር የሚመጡት

እኛ ጋ ከክሮም ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኦፔራ ሚኒን ነው፤ ፓኬጅ ይቆጥባልና። እንዴት እንደሚቆጥብ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ኤክስትሪም በሚባለው ማስተካከያ ገጹ መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ላይ ይከፈታል፣ እዚያ ይጨመቃል፣ ከዚያ ወደ ስልካችን ይላካል። ከስልካችን እስከ ባንኩ መዝለቅ የነበረበት ምስጠራ መሐል ላይ ኦፔራ ቤት ይፈታል ማለት ነው። ዜና ለማንበብ ግድ የለም። የይለፍ ቃል ለሚገባበት ነገር ሁሉ ግን አይሆንም።

ኩባንያው መሥሪያ ቤቱ ኦስሎ ቢሆንም ከ2016 ጀምሮ በቻይና ባለሀብቶች እጅ ነው፤ ሽያጩ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በጥር 2020 ሒንደንበርግ የተባለ ድርጅት ኦፔራ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በሕንድ በስልክ መተግበሪያ የሚሰጠውን አጭር ብድር አራጣ ነው ሲል ከሰሰ። ሒንደንበርግ የኩባንያው አክሲዮን ሲወድቅ የሚያተርፍ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ ኦፔራም ክሱን አስተባብሏል፣ ኋላም ከብድሩ ንግድ ወጥቷል። ለእኔ ግን ከብሮውዘር ጎን ጎረቤቶቻችንን በስልክ ብድር መያዝ ብቻውን ከኩባንያው የሚያርቀኝ ነው።

ዩሲ ብሮውዘር የአሊባባ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2015 የስልክ መለያዎችንና የፍለጋ ቃላትን በቀላሉ ሊጠለፍ በሚችል መንገድ እንደሚልክ አጋልጦታል፤ ሕንድ በ2020 አግዳዋለች። ካላችሁ አጥፉት። ከርካሽ ስልክ ጋር ተጭነው የሚመጡ ስማቸው የማይታወቅ ብሮውዘሮችም እንዲሁ ናቸው። የአክስቴ ስልክ በየሰዓቱ የቁማርና የብድር ማስታወቂያ ያወርድባት ነበር፤ ምንጩ ስልኩ ይዞት የመጣው ብሮውዘር ነበር። ጨርሶ አይነቀልም፣ «ዲሴብል» ግን ይደረጋል። ያን ቀን ጸጥ አለላት።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ

የዳክዳክጎ ብሮውዘር ቀላልና ንጹሕ ነው። በ2022 ከማይክሮሶፍት ጋር ባለው የፍለጋ ውል ምክንያት የማይክሮሶፍትን መከታተያዎች ሳያግድ እንደሚያልፍ አንድ ተመራማሪ ሲያጋልጥ ሥራ አስኪያጁ አመነ፤ በነሐሴ አረመው። ቪቫልዲን ከኦፔራ መሥራቾች አንዱ ያቋቋመው ሲሆን ባለቤቶቹ ሠራተኞቹ ናቸው። በአቋሙ የምወደው ኩባንያ ነው፤ የፊት ገጽታው ኮድ ግን ክፍት አይደለም። በ2025 የመጡት ኮሜትና አትላስ የመሳሰሉ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ብሮውዘሮች ላይ አሁን የባንክ አካውንት አትክፈቱ፤ ገጽ ላይ የተደበቀ ጽሑፍ ረዳቱን ማዘዝ እንደሚችል በተደጋጋሚ ታይቷል።

ቶር ብሮውዘር ለብቻው ይታይ። ግንኙነቱን በሦስት ቦታ እያዞረ ማን የት እንደገባ ይሸፍናል፤ የሚሠራው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ከመዋጮው የአሜሪካ መንግሥት ድርሻ እንዳለበትም በይፋ ይዘግባል። ዝግተኛ ነው። የሚጠቀም ሰው ቶር እየተጠቀመ መሆኑን ቴሌኮሙ ሊያውቅ ይችላል። ቶር ፕሮጀክት በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ግንኙነቱ ተለይቶ እንደታገደ አሳውቆ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን «ብሪጅ» የሚለውን፣ ወደ ቶር የሚያስገባ ስውር መግቢያ፣ ማብራት ያስፈልጋል። ብሬቭም የቶር መስኮት አለው፤ በ2021 የተጎበኙ ገጾችን አድራሻ ሲያሾልክ ስለተገኘ ለከባድ ጉዳይ አይበቃም። ሙልቫድ ብሮውዘር ደግሞ በ2023 ከቶር ሰዎች ጋር የተሠራ፣ ያለ ቶር መስመር የሚሠራ የኮምፒውተር ብሮውዘር ነው። ወጪውን የሚሸፍነው በወር 5 ዩሮ የሚያስከፍለው የስዊድኑ ሙልቫድ ቪፒኤን ነው። በሚያዝያ 2023 የስዊድን ፖሊስ ቢሮውን ሊበረብር መጥቶ የደንበኞች መዝገብ ስላልነበረ ባዶ እጁን ተመልሷል።

በሠንጠረዥ

| ብሮውዘር | ዋና ገቢ | ሳይነካ ያለው መከላከያ | ኮዱ | ጥፋቱ እንዴት ታረመ |
|---|---|---|---|---|
| ክሮም | ማስታወቂያ | ደካማ | በከፊል ክፍት | በክስና በሙግት |
| ኤጅ | የማይክሮሶፍት ሌላ ንግድ፣ ማስታወቂያ | መካከለኛ | በከፊል ክፍት | ብዙም ማብራሪያ የለም |
| ሳፋሪ | ስልክና ኮምፒውተር፣ የጉግል ውል | ጠንካራ | በከፊል ክፍት | የጉግል ውል ቀጥሏል |
| ፋየርፎክስ | የጉግል ውል | ጠንካራ | ክፍት | ከጩኸት በኋላ በቀናት |
| ብሬቭ | ማስታወቂያ፣ ክሪፕቶ፣ ቪፒኤን | በጣም ጠንካራ | ክፍት | ሲያዝ ቶሎ |
| ኦፔራ | ማስታወቂያ፣ ፍለጋ | ደካማ | በከፊል ክፍት | ክሱን አስተባብሏል |
| ዳክዳክጎ | የፍለጋ ማስታወቂያ | ጠንካራ | በአብዛኛው ክፍት | በወራት |
| ቪቫልዲ | የፍለጋ ውሎች | ሲጫን ይጠይቃል | በከፊል ክፍት | — |
| ቶር | መዋጮና ድጋፍ | ከሁሉ የጠነከረ | ክፍት | በይፋ ይዘግባል |

ለማን የትኛው?

ሴቲንግ መነካካት ለማይፈልግ፣ ለእናት ለአባት ስልክ፣ ብሬቭን ጫኑላቸው፤ የሪዋርድና የዋሌት ምልክቶቹን ደብቃችሁ ስጧቸው። አማራጩ ዳክዳክጎ ነው። ለራሴ የምጠቀመው ፋየርፎክስን ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር ነው፤ አሥር ደቂቃ ሊሠዋለት ለሚችል ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ፓኬጅ ለሚያሳስበው ኦፔራ ሚኒ ብቸኛ መንገድ አይደለም። በዜና ገጽ ላይ ብዙ ዳታ የሚበሉት ማስታወቂያዎቹና ቪዲዮዎቻቸው ናቸው፤ ብሬቭ ወይም ፋየርፎክስ ከዩብሎክ ጋር ሲያግዳቸው ፓኬጁም ይተርፋል፣ ምስጠራውም እስከ ባንኩ ይዘልቃል።

ስልኩ አሮጌ ከሆነ የአንድሮይዱን ቁጥር እዩ። ክሮም ከ2025 ጀምሮ ከአንድሮይድ 10 በታች ላሉት አዲስ ዝርያ አያወጣም፤ ይህን ስጽፍ ፋየርፎክስ 8ንና 9ን አልተወም። ዊንዶውስ 7 ላይ የቀሩ ቢሮዎችንም ክሮም በ2023 ሲተዋቸው ፋየርፎክስ ኢኤስአር 115 በተባለው ዝርያው እርማቱን ለዓመታት ቀጥሎላቸዋል። ለተቋም ከዚህ የረከሰ መሻሻያ የለም፤ ማሽኑን መቀየሩ ግን የማይቀር ነው።

አይፎን ያለው ሳፋሪ ይበቃዋል። ጋዜጠኛ፣ የመብት ተሟጋች ወይም ምንጩን መጠበቅ ያለበት ሰው ቶርን ለዚያ ሥራ ብቻ ለይቶ ይያዝ፤ የግል ፌስቡኩን በእሱ አይክፈት። በኤምሬትስ ያላችሁ ደግሞ ቪፒኤንን ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመሸፈን መጠቀም ከባድ ቅጣት እንዳለው አትርሱ፤ ከመጫናችሁ በፊት ሕጉን እወቁ።

ስትቀይሩ ቡክማርክና የይለፍ ቃል «ኢምፖርት» በሚለው ይሻገራሉ፤ አሮጌውን ለሁለት ሳምንት ሳታጠፉ አቆዩት። ብሮውዘሩን የምታወርዱት ከፕሌይ ስቶር፣ ከአፕ ስቶር ወይም አድራሻውን ራሳችሁ ከጻፋችሁት የኩባንያው ገጽ ብቻ ይሁን። ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተጠመደው የስለላ ፕሮግራም የመጣው በዚህ በር ነበር። በኢሜይል የቪዲዮ ሊንክ ይላክላቸዋል፣ ገጹ ሲከፈት ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ አፕዴት አውርዱ ይላቸዋል፣ የሚያወርዱት አፕዴት ራሱ ሰላዩ ነበር። ማንኛውም ገጽ «ብሮውዘርህ አርጅቷል፣ እዚህ ነካ አድርገህ አድስ» ቢላችሁ ገጹን ዝጉና ከብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለውን ከፍታችሁ ከዚያው አድሱ።